የጠፈር ሥርዓቶች ምህንድስና ሰርተፍኬት «ግማሽ ማስተርስ» አይደለም

የጠፈር ሥርዓቶች ምህንድስና ሳተላይቱን፣ ሮኬቱን፣ የምድር ጣቢያውን፣ ሶፍትዌሩንና እነዚህን የሚያንቀሳቅሱትን ሰዎች እንደ አንድ አካል ቆጥሮ የሚነድፍ፣ የሚያገጣጥምና የሚፈትሽ ሙያ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች፣ በተለይ የአሜሪካዎቹ፣ በዚህ ሙያ የሚሰጡት ሰርተፍኬት ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚወሰድ ሲሆን ብዙውን ጊዜ አራት ኮርሶችን ይይዛል፤ በክሬዲት ሲቆጠር 12 ያህል ይሆናል። ሥራ ላይ ያለ መሐንዲስ በማታ ወይም በርቀት እየተማረ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ሊጨርሰው ይችላል። ትምህርቱን መቀጠል ከፈለገም በብዙ ቦታ ኮርሶቹ ለማስተርስ ይያዙለታል።

ሰፍኖ የሚገኘው አስተያየት ይህን ትምህርት አሳንሶ ያያል። አስተያየቱ አራት መልክ አለው። አንደኛው፣ ሰርተፍኬት ማስተርስ መጨረስ ላቃተው ሰው የሚሰጥ ማጽናኛ ነው ይላል። ሁለተኛው፣ ይህ ሙያ ሰነድ ማገላበጥ እንጂ ምህንድስና አይደለም ይላል። ሦስተኛው፣ እንዲህ ያለው ዕውቀት ከሥራ እንጂ ከክፍል አይገኝም ይላል። አራተኛው ደግሞ ሮኬት የማይሠራ አገር በዚህ ትምህርት ምን ያደርግበታል ብሎ ይጠይቃል። አራቱም ስሕተት ናቸው፤ የስሕተታቸውም ምንጭ አንድ ነው። የመንኮራኩር ዕጣ በየክፍሎቹ ጥራት ብቻ የሚወሰን ይመስላቸዋል። የጠፈር ታሪክ ደጋግሞ ያሳየው ግን ታላላቅ ተልዕኮዎች እያንዳንዳቸው በደንብ በተሠሩ ክፍሎች መጋጠሚያ ላይ እንደሚጠፉ ነው።

የመጀመሪያው ክስ ትምህርትን በኮርስ ብዛት የሚመዝን ነው። የሰርተፍኬቱ አራት ኮርስ ከማስተርሱ አሥር ያንሳል፤ ስለዚህ ሰርተፍኬቱም ከማስተርስ ያንሳል ይላል። ስሌቱ የሚሠራው ግን ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር ሲያስተምሩ ብቻ ነው። በኤሌክትሪክ ወይም በሜካኒካል ምህንድስና የሚሰጥ ማስተርስ አንድን ዘርፍ ወደ ታች ይቆፍራል። ሰርተፍኬቱ የሚያስተምረው በዘርፎቹ መካከል ያለውን ነው። በተለመደው አደረጃጀት አንዱ ኮርስ የምህዋርንና የመንኮራኩርን መሠረታዊ ነገሮች ይሸፍናል፤ ሌላው የተልዕኮን ዓላማ ወደ ተቆጠረ መስፈርት መለወጥን፣ ሦስተኛው ማገጣጠምንና መፈተሽን ያስተምራል፤ አራተኛው ተማሪዎች በቡድን አንድ ተልዕኮ ነድፈው በገምጋሚዎች ፊት የሚከራከሩበት ፕሮጀክት ነው።

የትምህርቱን ክብደት ለማየት የኃይል በጀት የሚባለውን አንድ የክፍል ሥራ ቀረብ ብሎ መመልከት ይበቃል። በ550 ኪሎ ሜትር ከፍታ የምትዞር ትንሽ ሳተላይት አንዱን ዙር በ95 ደቂቃ ያህል ትጨርሳለች፤ ከዚህ ውስጥ እስከ 35 ደቂቃ የሚደርሰው በምድር ጥላ ውስጥ ያልፋል። መሣሪያዎቿ ያለማቋረጥ 60 ዋት የሚፈልጉ ከሆነ በጥላው ጊዜ 35 ዋት ሰዓት ከባትሪ ትወስዳለች። ፀሐይ በምታገኝበት አንድ ሰዓት ሰሌዳዎቿ 60 ዋት ሰዓት ለመሣሪያዎቹ፣ 35 ዋት ሰዓት ለባትሪው ማመንጨት አለባቸው፤ በየመንገዱ የሚባክነው ሲታከልበት ከ100 ዋት በላይ ያስፈልጋል። ባትሪው በቀን 15 ጊዜ፣ በዓመት ከ5,400 ጊዜ በላይ ይሞላል፣ ይወርዳል። ዕድሜው እንዳያጥር በአንድ ዙር የአቅሙን ሩብ ብቻ እንዲጠቀም ከተወሰነ፣ አቅሙ 140 ዋት ሰዓት መሆን ይኖርበታል።

በዚህ መካከል የካሜራው መሐንዲስ ለተሻለ ምስል 10 ዋት እንዲጨመርለት ይጠይቃል። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ሲፈቀድለት ግን የፀሐይ ሰሌዳው ይሰፋል፣ የባትሪው አቅም 23 ዋት ሰዓት ያህል ይጨምራል፣ ሁለቱም ክብደት ያመጣሉ። ካሜራው የሚያወጣው ሙቀት የሚወገድበት መንገድ እንደገና ይታሰባል። ምስሉ ሲበዛ ሬዲዮው ወደ ምድር ለማውረድ ተጨማሪ ጊዜ ይሻል፤ ሳተላይቷ ግን በአንድ ጣቢያ ላይ ስታልፍ የምትታየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። በመጨረሻ አጠቃላይ ክብደቱ ሮኬቱ ከሚፈቅደው ሊያልፍ ይችላል። የባትሪ ባለሙያው ስለ ባትሪው፣ የሬዲዮ ባለሙያው ስለ ሬዲዮው ትክክለኛ መልስ አላቸው። 10 ዋቱ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል ለሚለው ጥያቄ ግን አንዳቸውም ብቻቸውን መልስ የላቸውም። መልሱን አስልቶ፣ በምክንያት አስደግፎ፣ ኃላፊነቱንም ወስዶ የሚሰጠው የሥርዓት መሐንዲስ ነው። ይህ ከማስተርስ የተቀነሰ ዕውቀት አይደለም፤ ብዙ ማስተርሶች ጨርሰው የማይነኩት ዕውቀት ነው።

ሁለተኛው ክስ ሙያውን ሰነድ ማገላበጥ ያደርገዋል። ሰነድ እንደሚበዛበት እውነት ነው፤ መስፈርት ይጻፋል፣ መጋጠሚያ ይጻፋል፣ የፍተሻ ዕቅድ ይጻፋል፣ ለውጥ ሁሉ ይመዘገባል። ይህ ከንቱ ሥራ የሚመስለው ሰነዱ ሲጣስ ምን እንደሚከተል ላላየ ሰው ነው።

«ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር» እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1998 ተመንጥቃ ከዘጠኝ ወር ጉዞ በኋላ፣ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1999፣ ማርስ ጋ ስትደርስ ጠፋች። ከአካሏ የተሰበረ ነገር አልነበረም። በምድር ላይ የሚሠራ አንድ ሶፍትዌር የትንንሽ ሞተሮቿን ግፊት በፓውንድ ሰከንድ እያሰላ ይልክ ነበር፤ የጉዞ መስመሯን የሚያወጡት መሐንዲሶች ደግሞ ቁጥሩን በኒውተን ሰከንድ ይቀበሉ ነበር። አንዱ መለኪያ የሌላውን 4.45 ጊዜ ያህል ነው። ልዩነቱ ለወራት ተጠራቀመ። በ226 ኪሎ ሜትር ከፍታ ታልፋለች የተባለችው መንኮራኩር ወደ 57 ኪሎ ሜትር ወርዳ የማርስ አየር ውስጥ ገባች። ሁለቱ ቡድኖች በሜትሪክ መለኪያ እንዲነጋገሩ የሚያዝ የመጋጠሚያ ሰነድ ነበረ። ያልነበረው ሶፍትዌሩ ሰነዱን ማክበሩን እስከ መጨረሻው የሚፈትሽ አሠራር ነው። ቁጥሮቹ እንዳልተስማሙ በጉዞው መካከል ያስተዋሉ መሐንዲሶችም ነበሩ፤ ስጋታቸው ግን በይፋዊው መንገድ ተመዝግቦ መልስ አላገኘም። ንቀው «ወረቀት» የሚሉት ያ መዝገብ መንኮራኩሯን ሊያድን ይችል ነበር።

የሀብል ቴሌስኮፕም ታሪክ ከዚህ አይለይም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1990 ወደ ጠፈር ሲወጣ 2.4 ሜትር ስፋት ያለው ዋና መስታወቱ በጥንቃቄ ከተወለወሉት የዓለም መስታወቶች አንዱ ነበር፤ የተወለወለው ግን በተሳሳተ ቅርጽ ነው። ጠርዙ ከሚገባው በላይ በ2.2 ማይክሮ ሜትር ጠፍጣፋ ሆነ። ምክንያቱ ቅርጹን ለመለካት በሚያገለግለው መሣሪያ ውስጥ አንድ ሌንስ በ1.3 ሚሊ ሜትር ከቦታው መዛነፉ ነው። በሌሎች መሣሪያዎች የተደረጉ ልኬቶች ጉድለቱን አሳይተው ነበር፤ ትክክለኛነታቸው ከዋናው መሣሪያ ያነሰ ነው ተብሎ ግን ወደ ጎን ተተዉ። ሁለት ልኬት ሲቃረን አንደኛውን መርጦ ማለፍ እንደማይገባ፣ ተቃርኖው ራሱ እስኪፈታ ሥራው መቆም እንዳለበት የሚያስተምረው የፍተሻ ኮርሱ ነው። ጉድለቱን ለማካካስ ጠፈርተኞች በዲሴምበር 1993 ወደ ምህዋር ወጥተው ተጨማሪ መሣሪያዎች መግጠም ነበረባቸው።

ሙያው ከጅምሩ የተወለደውም ከቢሮ ምቾት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ የአትላስን ሚሳይል ስትሠራ ሞተሩን፣ መሪ መሣሪያውንና ታንኩን የሚሠሩ ብዙ ድርጅቶችን አንድ ላይ የሚያራምድ ዘዴ አስፈለገ፤ ጄኔራል በርናርድ ሽሪቨርና መሐንዲሱ ሳይመን ራሞ በዚህ ፈተና ውስጥ ዘዴውን አጠናከሩት። ናሳም ሰውን ወደ ጨረቃ ለመላክ ሲነሣ ለአፖሎ ፕሮግራም ሳሙኤል ፊሊፕስን ከአየር ኃይሉ አምጥቶ ይኸንኑ ዘዴ ተከለ። በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የማያውቁ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አንድ ነገር የሚሠሩት በሰነድ ተነጋግረው ነው። ሰነዱ የምህንድስናው አካል እንጂ ቅጥያው አይደለም።

ሦስተኛው ክስ፣ «በሥራ ላይ ይለመዳል» የሚለው፣ ከአራቱ ጠንካራው ነው። ልምድ የሌለው ሰው መንኮራኩር ሊመራ እንደማይችል ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ ልምድ ብቻውን ሁለት ጉድለት አለበት። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ካሲኒና ሀይገንስ የተባሉት መንኮራኩሮች እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1997 ተመንጥቀው ሀይገንስ በሳተርን ጨረቃ በታይታን ላይ ያረፈችው በጃንዋሪ 2005 ነው። ከመመንጠቅ እስከ ማረፍ ብቻ ሰባት ዓመት አለፈ፤ ንድፉና ግንባታው ከዚያ በፊት የወሰዱት ዓመታት ሳይቆጠሩ። እንዲህ ባለ ሥራ አንድ መሐንዲስ በዕድሜው ከመነሻ እስከ ፍጻሜ የሚያያቸው ተልዕኮዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከራሱ ኪሳራ ብቻ ልማር ካለ ትምህርቱ ሳያልቅ ጡረታ ይደርሳል። ብልህ ከሰው ስሕተት፣ ሞኝ ከራሱ ይማራል የሚባለው ለዚህ ሙያ የተነገረ ይመስላል።

ሁለተኛው ጉድለት የከፋ ነው፤ ልምድ ራሱ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 የአውሮፓው ሮኬት አሪያን 5 በመጀመሪያ በረራው ከ40 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ አራት ክላስተር የተባሉ ሳተላይቶችን እንደያዘ ፈነዳ። አቅጣጫውን የሚለካው መሣሪያ ሶፍትዌር በአሪያን 4 ላይ ለዓመታት ያለ እንከን የሠራ ነበር፤ ሳይነካ ወደ አዲሱ ሮኬት የተዛወረውም ስለታመነ ነው። አሪያን 5 ግን በጎን አቅጣጫ ከቀድሞው ይልቅ ቶሎ ይፈጥን ነበር። ባለ 64 ቢት የነበረ አንድ ቁጥር ወደ 16 ቢት ሲለወጥ አልበቃ አለውና ሶፍትዌሩ ቆመ። መጠባበቂያው መሣሪያም ያንኑ ሶፍትዌር ስለያዘ በዚያው ምክንያት ቀድሞ ቆሞ ነበር። የሚያሳዝነው፣ ስሕተቱን ያመጣው ስሌት አሪያን 5 ከመሬት ከተነሣ በኋላ ለምንም የማያገለግል ነበር። በአዲሱ ሮኬት የበረራ መስመር አስቀድሞ ቢፈተሽ ኖሮ ጉድለቱ በምድር ላይ ይገኝ ነበር። ያሳሳታቸው የልምድ ማጣት አልነበረም፤ ልምዱ የተገኘበት ሁኔታ መለወጡን የሚጠይቅ ሥርዓት መጉደሉ ነው። ያንን ጥያቄ መጠየቅ በትምህርት የሚሰርጽ ልማድ ነው።

ጥያቄው በጊዜ ሲጠየቅ ምን እንደሚያተርፍ ሀይገንስ ራሷ ታሳያለች። መንኮራኩሮቹ በጉዞ ላይ ሳሉ የአውሮፓ ጠፈር ኤጀንሲ መሐንዲስ የሆነው ስዊድናዊው ቦሪስ ስሜድስ ሀይገንስ ከካሲኒ ጋር የምትገናኝበት ሬዲዮ በእውነተኛው ሁኔታ እንዲሞከር አጥብቆ ተከራከረ። ሁለቱ መንኮራኩሮች እጅግ በተለያየ ፍጥነት ስለሚጓዙ ከሀይገንስ የሚወጣው ምልክት ካሲኒ ዘንድ ሲደርስ ይለወጣል። የካሲኒ ተቀባይ የሞገዱን ለውጥ እንዲከተል ተደርጎ ተሠርቷል፤ መረጃው የሚመጣበት ፍጥነትም በዚያው ልክ እንደሚለወጥ ግን አልታሰበበትም። በፌብሩዋሪ 2000 ከካሊፎርኒያው የጎልድስቶን ጣቢያ ሀይገንስን የሚመስል ምልክት ከነለውጡ ወደ ካሲኒ ተላከ፤ ተቀባዩ መረጃውን ሊያነበው አልቻለም። ተቀባዩን ከምድር ሆኖ ማረም አይቻልም ነበር። መሐንዲሶቹ የጉዞ መስመሩን ለወጡት፤ በ1,200 ኪሎ ሜትር ርቀት ታይታንን ታልፍ የነበረችው ካሲኒ ወደ 60,000 ኪሎ ሜትር እንድትርቅ ተደረገ፤ በዚህም አንዷ ወደ ሌላዋ የምትቀርብበት ፍጥነት በተቀባዩ አቅም ልክ ሆነ። የሬዲዮ ችግር በምህዋር ተፈታ። ሬዲዮን ብቻ የሚያውቅ ወይም ምህዋርን ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን መፍትሔ አያገኝም። በዚያው ተልዕኮ ደግሞ ከካሲኒ ሁለት ተቀባዮች አንዱ እንዲበራ የሚያደርገው ትእዛዝ ተረስቶ ከሀይገንስ ምስሎች ግማሽ ያህሉ ጠፉ። ጥንቃቄ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያበቃ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

አራተኛው ክስ ለኢትዮጵያ አንባቢ ቅርብ ነው። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ 1ን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው ታይዩዋን ማስወንጨፊያ ወደ ምህዋር አስላከች። ሳተላይቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል ትመዝን ነበር፤ ከቻይና ጋር በመተባበር ተሠራች፤ መረጃዋን የሚቀበለው ጣቢያም እንጦጦ ላይ ቆመ። ከዚህ ተነሥቶ «ሳተላይት የምንገዛ ከሆነ የሠሪው ዕውቀት ለምን ያስፈልገናል?» የሚል ሰው ነገሩን ገልብጦታል። ቤት የሚያሠራ ሰው ግንበኛ መሆን አይጠበቅበትም፤ ስንት ክፍል እንደሚፈልግ፣ ውኃው በየት እንደሚገባና ሥራውን ሲረከብ ምን እንደሚፈትሽ ካላወቀ ግን የሚረከበው ግንበኛው የወደደውን ቤት ነው። ሠሪ ድርጅት የራሱ የሥርዓት መሐንዲሶች አሉት። የገዢውን ጥቅም የሚጠብቅለት የራሱ መሐንዲስ ብቻ ነው።

ጉዳዩን በአገር ማሳ ላይ ማየት ይቻላል። የኢቲአርኤስኤስ 1 ካሜራ አንዲት የምስል ነጥብ በምድር ላይ 13.7 ሜትር በ13.7 ሜትር ትሸፍን ነበር። አንድ ጥማድ መሬት ሩብ ሄክታር ያህል ነው ቢባል፣ በምስሉ ላይ የሚይዘው 13 ነጥብ ገደማ ብቻ ነው፤ ከእነዚህም ዳር ላይ ያሉት ከጎረቤት ማሳ ጋር ይቀላቀላሉ። እንዲህ ያለው ካሜራ የአንድን ወረዳ ደን፣ የሐይቅ ስፋት ወይም ሰፊ የእርሻ መሬት ለመከታተል ይጠቅማል፤ የእያንዳንዱን ገበሬ ማሳ ለይቶ ለመቁጠር ግን አልተሠራም። ከዚህ በላይ ደግሞ በክረምት፣ ሰብሉ በሚያድግበት ወራት፣ ደጋው በደመና ይሸፈናል፤ በብርሃን የሚሠራ ካሜራ ደመናን አያልፍም፤ ራዳር ያልፋል። ቀጣዩ ሳተላይት ካሜራ ይሁን ራዳር፣ ወይስ ገንዘቡ ከሌሎች ሳተላይቶች በነፃ የሚገኘውን መረጃ ለሚተነትኑ ባለሙያዎች ይዋል? ይህ ውል ከመፈረሙ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው። ከተጠቃሚው ፍላጎት ተነሥቶ ወደ ተቆጠረ መስፈርት መድረስ የሰርተፍኬቱ ሁለተኛ ኮርስ ዋና ይዘት ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ከሠሪ ይልቅ ለገዢ አገር ይበልጥ አስቸኳይ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ሰርተፍኬት የተባለ ሁሉ ይመሰገናል ማለት አይደለም። የሁለት ቀን ሥልጠና ለተካፈለ ሁሉ የሚታደል ወረቀትና በፈተና፣ በቤት ሥራና በፕሮጀክት የሚገኝ የዩኒቨርሲቲ ሰርተፍኬት አንድ አይደሉም፤ ሁለቱን መደባለቅ ለንቀቱ በር ከፍቷል። ሊማር ያሰበ ሰው ከመመዝገቡ በፊት ማጣራት ያለበት ነገር ግልጽ ነው። ኮርሶቹ የድኅረ ምረቃ ክሬዲት አላቸው? ለማስተርስ ይያዛሉ? ንድፉን በገምጋሚ ፊት የሚያስከራክር ፕሮጀክት አለ? ከመምህራኑ መካከል በእውነተኛ ተልዕኮ ላይ የሠሩ ይገኛሉ? መልሱ «የለም» ከሆነ ገንዘቡንና ጊዜውን ማዳን ይሻላል።

ትምህርቱ የማያደርገውንም ማወቅ ተገቢ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪን አይተካም፤ ሒሳብና ፊዚክስ ያልጨበጠ ሰው በመጋጠሚያዎች ላይ ሊፈርድ አይችልም። የሕግ ገደብንም አያነሣም። በአሜሪካ የጦር መሣሪያ ነክ ቴክኖሎጂን የሚቆጣጠረው ደንብ ብዙ የጠፈር ሥራዎችን በዋናነት ለዜጎችና ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ላላቸው ሰዎች ይገድባል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት የዋሽንግተን አካባቢ የናሳ ጎዳርድ ማዕከልና የጆንስ ሆፕኪንስ የተግባራዊ ፊዚክስ ላቦራቶሪ ይገኛሉ፤ ዜግነት አግኝቶ በኤሌክትሮኒክስ ወይም በሶፍትዌር ለሚሠራ ሰው ሰርተፍኬቱ ወደነዚህ ዓይነት ሥራዎች የሚያደርስ እውነተኛ መንገድ ነው። በተማሪ ቪዛ ላለ ሰው ግን በሩ ጠባብ መሆኑን አስቀድሞ መንገር ታማኝነት ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። ሰርተፍኬቱን በኮርስ ቁጥር የሚለካ ቀጣሪ የሚለካው ወረቀቱን ነው፤ ቁጥሩን ትቶ አመልካቹ በፕሮጀክቱ ውስጥ የትኛውን ውሳኔ እንደወሰነና እንዴት እንደተከራከረለት ይጠይቅ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሪክ፣ የሜካኒካልና የኮምፒዩተር ተማሪዎችን በአንድ የሳተላይት ንድፍ ላይ የሚያገናኝ እንዲህ ያለ ትምህርት ለመክፈት ሮኬት እስኪኖር መጠበቅ የለባቸውም፤ የሚያስፈልገው መምህር፣ ኮምፒዩተርና ጥብቅ ገምጋሚ ነው። በዘርፉ ብቁ የሆነ ወጣት መሐንዲስም አራቱን ኮርሶች ሳያፍር ይማር። ክፍሎችን በሚገባ የሚሠሩ ብዙዎች ናቸው፤ ተልዕኮውን ከጥፋት የሚጠብቀው ግን ክፍሎቹ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ መማር አለበት።